«ጎማሽ ተንፍሷል»

እህቴን መንገድ ላይ አስቁሞ «ጎማሽ ተንፍሷል» ያላላት ሰው ካለ፣ ገና አልተወለደም ማለት ነው። ዳቦ ሻጩ ብሏታል። ትራፊክ ፖሊሱ ብሏታል። ከታክሲ መስኮት አንገታቸውን አስግገው የሚጮሁ መንገደኞች ብለዋታል። ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ደግሞ በየሳምንቱ፣ ልክ ዛሬ ገና እንዳዩት ሁሉ፣ «ልጄ፣ የኋላ ጎማሽን አየሽው?» ይሏታል። እሷም በየሳምንቱ «አይቼዋለሁ አባባ፣ እኔው ነኝ እንዲህ ያደረግኩት» ትላቸዋለች። አያምኗትም። ሰው አንዴ ለምክር አፉን ከከፈተ አመስግነው ካልሸኙት አይዘጋውም። እሷ ታመሰግናለች። እኔ ግን ቆሽቴ ያራል። እናታችን በሕይወት ሳለች «ያንቺ ቁጣ እሳት ላይ እንደተረሳ ወተት ነው» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው፤ ግን እሳቱን የሚጭሩትን ማን ይቆጣቸው?

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። እህቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተቀምጣ ትውላለች፣ እሑድ ትቆማለች። የምትቆመው ሞተር ሳይክል ላይ ነው። ይህ ሞተር ወንበር የለውም። ተሰርቆ ወይም ተሰብሮ አይደለም፤ ሲሠራም አልነበረውም። ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው፣ ሁለት ሰፋ ያሉ መርገጫዎች አሉት፤ እነሱ ላይ ቆመው ገደል ገደሉን፣ ድንጋይ ድንጋዩን፣ የወደቀ ግንድ ላይ ይወጡበታል፣ ይወርዱበታል። ውድድሩ የፍጥነት አይደለም። እግርሽ መሬት በነካ ቁጥር አንድ ነጥብ ይቆጠርብሻል፤ ከወደቅሽ ወይም ሰው ከያዘሽ በአንዴ አምስት። ነጥቡ ያነሰ ያሸንፋል። ሰው ሁሉ «ስንት ትሮጣለች?» ብሎ ይጠይቃል። «በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድማታል» ስንለው ይስቃል። ባሏም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለኔ ሚስት ነው» ይል ነበር፤ ያኔ ገና ቀልዱ ሳይጠፋ።

ጎማው የላላው ለዚህ ነው። ጠንካራ ጎማ ድንጋይ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል። የላላው ግን ድንጋዩን እቅፍ አድርጎ ይይዘዋል። አውራ ጣት ሲጫኑት ስርጉድ የሚል ጎማ፣ አስፋልት ላይ ሲያዩት የሞተ የሚመስል ጎማ፣ እዚያ በምትወዳደርበት የድንጋይ ካባ ውስጥ ሕይወቷ ነው። ይህን ለመረዳት ምንም ትምህርት አያስፈልግም፤ አንዴ ጠይቆ መልሱን መስማት ብቻ ነው።

የእህቴ ባል ሰምቷል። እሱ ቤት ቀቢ ነው። አንድ ቀን የገዛ ቤታችንን የፊት ግድግዳ እየቀባ ሳለ መምህሩ መንፊያ ይዘው በሩን ከፍተው ገቡ። «ዛሬስ ራሴ እሞላላታለሁ» ብለው ተንበረከኩ፣ በዚያ ዕድሜያቸው። ባልየው ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ብሩሹን እያወዛወዘ «አባባ ተዉት! ተዉት እባክዎ! ከሞሉት ይነጥርና ይጥላታል፤ እንዲያ ነው የምትፈልገው!» ብሎ ጮኸ። ቀለሙ የመምህሩ ኮት ላይ ተንጠባጠበ። ኮቱን ያጸዳሁት እኔ ነኝና ቀኑን አልረሳውም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰፈሩ እድፍ ሁሉ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው።

ቅዳሜ ከሰዓት አውቶቡሷን አስረክባ ስትመጣ፣ ጋደም እንኳ ሳትል ጓሮ ትገባለች። ሞተሩን በግንድ ደግፋ የኋላ ጎማው ከመሬት ከፍ እንዲል ታደርጋለች። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ይወጣል። ማጣሪያው ስፖንጅ ነው፤ በሳሙና ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ከዚያ በመዳፍ ተጨብጦ ትርፉ ዘይት ይወጣል። ይጨበጣል እንጂ አይጠመዘዝም። የኔ እጅ ግን የታጠበ ነገር ሲያገኝ መጠምዘዝ የለመደ ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን አንዱን ከመሃሉ ቀድጄባታለሁ። «ያንቺ እጅ የተፈጠረው ለልብስ ማስጫ ነው» አለችኝና ነጠቀችኝ።

ቀጥሎ ካቴናው በብሩሽ ይፋቃል፣ ይቀባል። ከዚያ ሁለት ጣቷን ከሥሩ አስገብታ ወደ ላይ ትገፋዋለች። ከጠበቀ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ይወጠራል፤ ከላላ ከጥርሱ ይዘላል። ልኩን የምታውቀው በጣቷ ነው። የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ እጀታ መሪው ላይ የሚታሰሩበትን ብሎን ደግሞ እስከ መጨረሻው አታጠብቀውም። ሞተሩ ሲወድቅ እጀታው ዞር ይላል፣ ይተርፋል፤ ግግም ብሎ ከታሰረ ይሰበራል። ይህን ስትነግረኝ «ለባልም ይሠራል» ብያት ብሎኑ ከእጇ እስኪወድቅ ስቃለች። የግራ እጇን አመልካች ጣት ቁርጥማት ጀምሮታል። ስለዚህ ፍሪሲዮኑን ጣቷ ብዙ ሳይታጠፍ እንዲለቅና እንዲይዝ አድርጋ አስተካክላዋለች። ሌላ ሰው ቢነዳው ገና በሩ ላይ ያጠፋዋል። የመሪው ቁመት በትከሻዋ ልክ ነው፣ እጀታው በጣቷ ልክ ነው፣ ሞላው በክብደቷ ልክ ነው። እኔ በሙያዬ ስንት ልብስ ሰፍቻለሁ፤ እንደዚህ ሞተር በሰው ልክ የተሰፋ ነገር ግን አላየሁም።

መጨረሻ ላይ ጎማው። ትንሿን መለኪያ ቫልቮላው ላይ ትደግናለች፣ ፊስ ታደርጋለች፣ ትለካለች፣ ደግሞ ፊስ። መለኪያው ልክ ነው ካላት በኋላም አውራ ጣቷን ትጭንበታለች። ከዚያ ፊቷ ይፈታል።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። የተወዳዳሪዎቹ ማኅበር አዲስ ሰብሳቢ መርጦ ነበር። ልጁን አውቀዋለሁ። ቆሞ ሚዛን መጠበቅ የተማረው እኛ ጓሮ ውስጥ ነው፤ የፊት ጎማውን እያየ ሲወድቅ፣ አገጩን በእጇ ይዛ ወደ ላይ ቀና ያደረገችው እሷ ናት። ያኔ «አንቺ» ነበረች። በቅጽል ስሟ «ሚዛን» እያለ ነበር የሚጠራት። አንድ እሑድ ከልምምድ በኋላ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መጣ።

«እናታችን» አላት።

ዞር ብዬ አየሁ። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። እህቴ የወለደቻቸው ሁለት ልጆች አሏት፤ እሱ ከመሃላቸው የለም።

«እናታችን፣ እርስዎ ለኛ ብዙ ደክመዋል። አሁን ደግሞ ትንሽ ይረፉ። ከነጥብ ቆጣሪዎቹ ጋር ጥላ ሥር ጥሩ ወንበር አዘጋጅተንልዎታል።»

«ወንበር?» አለች እህቴ።

«ለክብርዎ ነው።»

«እኔኮ ስድስት ቀን ወንበር ላይ ነኝ።»

ፈገግ አለ። ምላሱ ቅቤ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ አወጣው፤ ኮሚቴው ደንብ አውጥቷል፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነና ቀዶ ጥገና ያደረገ ተወዳዳሪ በሚቀጥለው ውድድር ከአሥራ አምስት ነጥብ በላይ ከተቆጠረበት ከዚያ ወዲያ አይሰለፍም፤ ለደኅንነቱ ሲባል።

«ከሃምሳ በላይ ሆኖ ቀዶ ጥገና ያደረገ ስንት ሰው አላችሁ?» አልኩት እኔ።

መሬት መሬት አየ። «ለጊዜው… አንድ።»

አያችሁ? በልኳ የተሰፋ ደንብ! አናባርርሽም፣ ልናሳርፍሽ ነው ይሏታል፤ አልሸሹም ዞር አሉ። ሰድበው ቢገፏት መልስ አላት፣ ምላስም አላት፣ እኔም አለሁላት። አክብረው ሲገፏት ምን ትበል? እጅ ነስተው ከመንገዷ ላይ ሲያስወግዷት በማን ትጩህ?

እህቴ ግን «አሥራ አምስት፣ እሺ» አለችና ሞተሯን እየገፋች ሄደች።

ማታ እራት ላይ ባልየው ነገሩን ሲሰማ ይቆጣል ብዬ ነበር። ፊቱ በራ። ለምን ይዋሻል፣ በራ።

«ታዲያ ወንበሩ ምን አለው?» አለ። «ጉልበትሽ እንደሆነ ያው የምታውቂው ነው። አርፈሽ ብትቀመጪስ?»

ጉልበቷ ባለፈው ዓመት ልምምድ ላይ ተጎድቶ ተቀዷል። እሷ ቀዶ ጥገና ክፍል ስትገባ እሱ ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ፤ እሱን አልነሳውም። ከዚያ ወዲህ ወደ ውድድር መጥቶ አያውቅም። ግን በዚያው ሳምንት አራተኛ ፎቅ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ባልዲው በአንድ እጁ፣ ግድግዳ ሲቀባም አይቼዋለሁ።

«አንተስ ለምን አትቀመጥም?» አልኩት።

«የኔ ሥራ ነው።»

«የሷስ?»

«የሷማ ጨዋታ ነው።»

እህቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አዎ፣ ጨዋታ ነው» አለች። «ማታ ከአውቶቡሱ ስወርድ ወገቤ ከወንበሩ ጋር የተሰፋ ይመስለኛል። ይሄ ገላ የራሴ የሚመስለኝ እዚያ ድንጋይ ላይ ስቆም ብቻ ነው። እሱን ከወሰዱብኝ እስከ መቃብሬ ተቀምጬ ቀረሁ ማለት ነው። ገባህ?»

«ገባኝ» አለ። እንዳልገባው ሳየው አውቄያለሁ።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ግን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ «እኔም እመጣለሁ» አለ። እህቴ ደስ አላት። እኔም፣ ሞኟ፣ ደስ አለኝ።

ውድድሩ የሚካሄደው አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። ስድስት ፈተናዎች አሉ፤ እያንዳንዱ በሁለት ወገን በገመድ ታጥሮ መግቢያና መውጫው ላይ ባንዲራ ተተክሏል። ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ይነዳቸዋል፤ ከምሳ በፊት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ። የኔ ሥራ ቦርሳ መያዝ፣ መንገዱን አብሬ መመልከትና፣ ከፍ ያለ ድንጋይ ሲኖር ከሥሩ ቆሜ ሞተሩ ላይዋ ላይ እንዳይወድቅ መጠበቅ ነው። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰርግም ለቅሶም አስቀርቶኛል።

የጠዋት አነዳዷን ብታዩ! ልቅም ያለ ነበር። ጉልበቷን እጥፍ፣ ዘርጋ፤ ዓይኗ ሩቅ፤ ሞተሩ ከሥሯ እንደ ድመት ይሳባል። ቆሻሻ ውሃ ያለበት ቦይ ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ግንዱ ላይ ሁለት ጊዜ እግሯ ነካ። በቃ፣ አራት ነጥብ። ወጣቶቹ አሥሩንም አሥራ ሁለቱንም ሲለቅሙ እሷ አራት! ሰብሳቢው ሲያጨበጭብ አየሁት፤ ማጨብጨብ ምን ያስከፍላል?

በምሳ ሰዓት ጉልበቷ ስለጋለ በቀዝቃዛ ውሃ ልናጥበው ወደ ቧንቧው ሄድን። «ሂዱ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ» አለ ባልየው፣ ሞተሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ እያለ። እጠብቀዋለሁ! ቃሉ ይኸው ነው።

ስንመለስ የመጀመሪያው ፈተና ላይ ተራዋ ደርሶ ስሟን እየጠሩ ነበር፤ ሮጣ ሞተሩ ላይ ወጣች። ፈተናው ብትንትን ያለ የድንጋይ ክምር ነው፤ ጠዋት እግሯ ሳይነካ ያለፈችው። ገባች። የፊት ጎማው የመጀመሪያውን ድንጋይ ሲነካ ሞተሩ ዘለለ። ሰውነቷ ሲደነግጥ አየሁ። ባንዲራው ውስጥ ከገቡ በኋላ ወርዶ ማስተካከል አይፈቀድም። ሁለተኛው ድንጋይ ላይ የኋላው ጎማ ነጠረና ወደ ጎን ወረወራት። በዚያው በተቀደደው ጉልበቷ ድንጋይ ላይ ወደቀች።

አምስት።

ሮጬ ደረስኩ። እጀታዎቹ ዞር ብለው ተርፈዋል፤ ያው የገዛ ጥበቧ ነው ያዳናቸው። ሞተሩን ሳነሳው እጄ ጎማው ላይ አረፈ። አውራ ጣቴን ጫንኩበት። ድንጋይ!

«ማነው የነካው?» ብዬ ስጮኽ ካባው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ባልየው ከነመንፊያው ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የተነፈሰ መስሎኝ ነውኮ» አለ።

ሰው ሳቀ። በክፋት አይደለም። እዚያ ያለ ተወዳዳሪ ሁሉ ይህ ነገር ደርሶበታል፤ «የኔም አባት አንዴ እንዲሁ ጉድ ሠርቶኛል» አለ አንዱ። ሰብሳቢው ትከሻውን መታ መታ አደረገውና «አይዞዎት ጋሼ፣ ለበጎ ብለው ነው» አለው። ከዚያ በዚያ በቅቤ ድምፁ፣ ተወዳዳሪ የገዛ ሞተሩን መቆጣጠር ያለበት ራሱ ስለሆነ ነጥቡ እንደሚጸና ለእህቴ ነገራት።

እኔም እኮ ልስቅ ነበር። አፌ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ የመምህሩ ኮት ትዝ አለኝ።

እጁን ይዤ ሞተሯን ከጫንንበት የጭነት መኪና ጀርባ ወሰድኩት። እህቴም ሞተሯን እየገፋች፣ እያነከሰች ተከተለችን።

«መምህሩን ከመሰላል ላይ ሆኖ "ተዉት" ያለው ማነው?» አልኩት። «"ይነጥርና ይጥላታል" ያለው ማነው? አንተ ታውቃለህ። ከኔ እኩል ታውቃለህ!»

ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «እግርሽን ታወርጃለሽ ብዬ ነው» አለ። «እግርሽን ደጋግመሽ ታወርጃለሽ፣ ነጥቡ ይሞላል፣ ያበቃል ብዬ። ትወድቂያለሽ አላልኩም። ልጆቼን ይንሳኝ አላልኩም።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። ያ አህያ ግን ቢያንስ ጅቡን አላገዘውም! እንዳትወድቅ ብሎ ጣላት። ደግሞ አጣጣሉ! ፊት ለፊት «አትሂጂ» ብሎ አልተጣላት፣ ቁልፉን አልደበቀባት፣ ነዳጁን አልደፋባት። የማያውቁ ሰዎች የሚሠሩትን ስሕተት እያወቀ ሠርቶ፣ በነሱ አለማወቅ ተሸሸገ። የዚያ ምስኪን ሽማግሌ የዋህነት እንደ ኮት ደርቦ ሰው ፊት ቆመ፤ ሰውም «አይዞህ» አለው። እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው። የምችለውን ስድብ ሁሉ ሰደብኩት። አሁንም አልጸጸትም።

እህቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጎማውን እያስተነፈሰች ነበር። ፊስ፣ ትለካለች፣ ፊስ። አውራ ጣቷን ጫነችበት። እጀታዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰች፣ ጉልበቷን በፋሻ ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ ተነሣች።

«አንድ ነገር በይው እንጂ!» አልኳት።

«ተራዬ እንዳያልፈኝ» አለች።

የቀጠሉትን አራት ፈተናዎች እንዴት እንደነዳቻቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ጉልበቷ አብጦ ሱሪዋን ሞልቶታል፤ ጥርሷን ነክሳለች። እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት እያለ አምስት ነጥብ ተጨመረባት። አራት ከጠዋቱ፣ አምስት የውድቀቱ፣ አምስት የአራቱ፤ አሥራ አራት ሞላ። የቀራት አንድ ፈተና ነው፤ በሱ ላይ እግሯን አንዴ ብቻ ማውረድ ትችላለች። ሁለተኛ ካወረደች ወንበሩ ይጠብቃታል።

የመጨረሻው ፈተና ከኔ ቁመት የሚበልጥ ድንጋይ ነው። መንደርደሪያው አጭር፣ አናቱ ጠባብ። ከሥሩ ሰው መቆም አለበት። ነጂዋ ከወደቀች ይይዛታል፤ ሳትወድቅ ከነካት ግን፣ ጣት እንኳ ቢያሳርፍ፣ እንደወደቀች ተቆጥሮ አምስት ነው። ጓንቴን አጠለቅኩ።

«ጓንቱን ስጪው» አለች እህቴ።

«ለማን?»

«ለሱ።»

«እታለም፣ አብደሻል? ይሄ ሰውዬ እኮ…»

«ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስጪው አልኩሽ።»

አውልቄ ወረወርኩለት። እሷ ባሏ ፊት ቆመች፣ የራስ ቁሯን እንደያዘች።

«እዚህ ትቆማለህ» አለችው። «ከወደቅኩ ያዘኝ። ሳልወድቅ ከነካኸኝ አምስት ነው፣ አበቃ። እንድተወው አይደል የምትፈልገው? እጅህን መዘርጋት ብቻ ነው። ግን እንደቅድሙ ተደብቀህ አይሆንም። እኔ እያየሁህ፣ ሰው እያየህ ታደርገዋለህ።»

«እኔ አልችልም» አለ።

«ቻል» አለችውና ሞተሯን አስነሣች።

ገባች። ገና መንደርደሪያው ላይ የፊት ጎማዋ ጠጠር ረግጦ አዘነበለ፤ ግራ እግሯ መሬት ነካ። ነጥብ ቆጣሪዋ አንድ ጣቷን አነሣች። አሥራ አምስት። እህቴ ሞተሩን አቀናች፣ ትንሽ ጎንበስ አለችና ለቀቀችው። የፊት ጎማው ተነሣ፣ የድንጋዩን ከንፈር አለፈ፣ የኋላው ፊቱ ላይ ተለጥፎ ወጣ፤ ወጣና ጠርዙ ላይ ቆመ። ግማሹ አናቱ ላይ፣ ግማሹ አየር ላይ። ሞተሩ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማዘንበል ጀመረ።

እሱ ከሥሯ ነው። ሁለት እጁ ተዘርግቷል፤ በጎማውና በመዳፎቹ መካከል አንድ ስንዝር አይሞላም። አሁን ቢይዛት ማንም አይፈርድበትም። ሚስቱ ልትወድቅ ነበር፣ ያዛት፤ ሰው ሁሉ ያጨበጭብለታል። ፍርሃቱም ያበቃል፣ እሑዶቿም ያበቃሉ። እኔ «እንዳትነካት!» ማለት ፈልጌ የቦርሳውን ማንገቻ ነከስኩ፤ እኔ!

እህቴ ጉልበቷን ቀስ አድርጋ ዘረጋች። ያ ቁርጥማታም ጣቷ ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ ለቀቀ። ጎማው ጠርዙ ላይ ተጠፈጠፈ፣ ያዘ፣ ሞተሩ አንዴ ጉርር አለና አናቱ ላይ ጎትቶ አወጣት። በባንዲራዎቹ መሃል አለፈች።

ሰው ጮኸ። ሰብሳቢው ቀድሞ ሮጦ ደረሰና «እናታችን…» ብሎ ጀመረ።

«ስም አለኝ» አለችው የራስ ቁሯን እያወለቀች። «ታውቀዋለህም።» ፊቱ ቀልቶ ቀረ።

ባልየው ግን ከድንጋዩ ሥር አልተንቀሳቀሰም። እጆቹ እንደተዘረጉ ናቸው። እሷ እያነከሰች በጎን በኩል ወርዳ ፊቱ ቆመች።

«አልነካኸኝም» አለችው። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ ብሎ ነበር።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ምናለ? ቅድም ሰው ሁሉ ፊት የዋሸ ሰው፣ አሁን አንዲት ትንሽ ውሸት ቢዋሽ ምናለ?

«ልይዝሽ ነበር» አለ። «ልይዝሽ ብዬ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ፈርቼ ደንዝዞብኝ ነው እንጂ፣ አስቤ አይደለም የተውኩሽ።»

እህቴ ረጅም ጊዜ አየችው። ይህን ያህል ዓመት አብረው ኖረው እንዲህ ስታየው እኔ አላየሁም። ከዚያ የሞተሩን መሪ ያዘች።

«በሚቀጥለው» አለችው፣ «አስበህ ትተወኛለህ።»

ሞተሯን እየገፋች ወደ መኪናው ሄደች። እሱ እንባውን በክንዱ ጠርጎ፣ ጓንቱን አውልቆ ወደ እኔ ዘረጋልኝ።

«ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አልኩት። «በሚቀጥለው ስትልህ አልሰማህም?» ጓንቱ በልኬ የሰፋሁት የገዛ ጓንቴ ነበር። ቆሽቴ እያረረ ቦርሳውንም አሸከምኩት።